የተመረጠው መንግሥትና የተሾመው አገረ ገዢ፦ የሕንድ ግዛቶችን ማን ያስተዳድራቸዋል?

ኖቬምበር 18 ቀን 2023 ቅዳሜ ዕለት የደቡብ ሕንዷ የታሚል ናዱ ግዛት ምክር ቤት ለልዩ ስብሰባ ተጠራ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባላቱ የተሰበሰቡት አዲስ ሕግ ሊያወጡ አልነበረም። ቀድሞ አጽድቀው የላኳቸውን፣ የግዛቱ አገረ ገዢ አር. ኤን. ራቪ ግን ከአምስት ቀን በፊት ሳይፈርሙ የመለሷቸውን አሥር ረቂቅ ሕጎች እንደገና ሊያጸድቁ ነበር። ከአሥሩ ሁለቱ በ2020 መጀመሪያ፣ ያውም በተቀናቃኙ ፓርቲ የሥልጣን ዘመን የጸደቁ ናቸው። ምክር ቤቱ አሥሩንም መልሶ አጸደቀ። የሕንድ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 200 በድጋሚ የጸደቀ ሕግ ሲቀርብለት አገረ ገዢው ፊርማውን እንዳይነፍግ ያዛል። ራቪ ግን ከአሥር ቀን በኋላ ሕጎቹን ሳይፈርሙ ኒው ዴልሂ ወደሚገኘው የፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ላኳቸው።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚህ ጉዳይ በ2025 ሁለት ጊዜ ተናግሯል፤ ሁለተኛው ቃሉ ከመጀመሪያው ጋር አይስማማም። አንድ የሕንድ ግዛት እንዴት እንደተዋቀረና እንደሚመራ ለመረዳት ከዚህ ክርክር የተሻለ መግቢያ አላውቅም። የሥልጣን ክፍፍሉን ከሕገ መንግሥቱ አንብቦ መጨረስ ይቻላል። ሕዝብ የመረጠው መንግሥት በየትኛው ጉዳይ እንደሚያዝዝና በየትኛው የዴልሂን ደጅ እንደሚጠና የሚታየው ግን እንዲህ ያለ ሙግት ሲነሣ ነው።

ካርታው የማን ነው?

ሕንድ 28 ግዛቶችና በማዕከላዊ መንግሥት በቀጥታ የሚተዳደሩ 8 አካባቢዎች አሏት። ሕገ መንግሥቱ ገና በአንደኛው አንቀጽ አገሪቱን “የግዛቶች ኅብረት” ብሎ ይጠራታል። የአርቃቂ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቢ. አር. አምቤድካር በ1948 ለሕገ መንግሥት ጉባኤው እንዳስረዱት፣ ኅብረቱ በግዛቶች ስምምነት የተፈጠረ ስላልሆነ አንድም ግዛት የመገንጠል መብት የለውም። ከዚህም የሚብስ አለ። በአንቀጽ 3 መሠረት ማዕከላዊው ፓርላማ በተራ ድምፅ ብልጫ አንድን ግዛት ሊከፍል፣ ከሌላ ጋር ሊያዋህድ፣ ድንበሩንና ስሙን ሊለውጥ ይችላል። የሚመለከተው ግዛት ምክር ቤት አስተያየቱን ይጠየቃል፤ ፈቃዱ ግን አያስፈልግም።

ይህ ማለት ካርታው የሚሳለው ከላይ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ በቋንቋ ላይ የተመሠረቱ ግዛቶችን ይፈሩ ነበር፤ አገሪቱ ገና በ1947 ፓኪስታን ስትለያት ከደረሰባት የክፍፍል ቁስል አላገገመችም። ይሁን እንጂ ለቴሉጉ ተናጋሪዎች የራሳቸው ግዛት እንዲሰጥ በማድራስ ከተማ (በዛሬዋ ቼናይ) የረሃብ አድማ የመቱት ፖቲ ሲራሙሉ ዲሴምበር 15 ቀን 1952 ሲሞቱ አካባቢው በቁጣ ነደደ። በዓመቱ አንድራ ተመሠረተች። በ1956 ደግሞ አገሪቱ በአመዛኙ በቋንቋ ወሰን እንደገና ተከፋፍላ 14 ግዛቶችና 6 አካባቢዎች ሆነች። እኔ እንደማየው ሕንድ አንድ ሆና እንድትቆይ ካደረጓት ነገሮች አንዱ፣ ኔህሩ የፈሩት ይኸው ውሳኔ ነው። ታሚሉ በታሚልኛ፣ ማላያሊው በማላያላም እየተዳኘና እየተማረ ለኅብረቱ ያለው ታማኝነት አልቀነሰም።

የአንቀጽ 3 ጉልበት ግን ዛሬም እንዳለ ነው። ቴላንጋና በጁን 2014 ከአንድራ ፕራዴሽ ተነጥላ ግዛት ስትሆን የአንድራ ምክር ቤት ረቂቁን ውድቅ አድርጎት ነበር፤ ፓርላማው ግን አጸደቀው። በእኛ አገር ሲዳማ ክልል የሆነው በ2019 ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ ነው፤ ለቴላንጋና ሕዝበ ውሳኔ አልተጠራም። ጃሙና ካሽሚር ደግሞ በዚያው በ2019 ለሁለት ተከፍላ ከግዛትነት ወደ ማዕከላዊ አስተዳደርነት ወረደች፤ በወቅቱ ምክር ቤቷ ፈርሶ ስለነበር አስተያየት የሚሰጥ እንኳ አልነበረም።

ምክር ቤቱና ዋና ሚኒስትሩ

ታሚል ናዱ በ2011 ቆጠራ 72 ሚሊዮን ሕዝብ የነበራት፣ በ38 ወረዳዎች የተከፋፈለች ግዛት ናት። ምክር ቤቷ 234 መቀመጫዎች አሉት፤ የሚሰበሰበውም የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ17ኛው መቶ ዘመን በዋና ከተማዋ በቼናይ ባሕር ዳርቻ በገነባው የቅዱስ ጊዮርጊስ ምሽግ ውስጥ ነው። የዋና ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤትም እዚያው ነው። ምርጫ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይካሄዳል። በምክር ቤቱ አብላጫ ድምፅ ያለው ፓርቲ ወይም ጥምረት መሪ በአገረ ገዢው ዋና ሚኒስትር ሆኖ ይሾማል፤ ሚኒስትሮቹን የሚመርጠው ግን እርሱ ነው። በ2003 በተደረገ ማሻሻያ የካቢኔው ቁጥር ከምክር ቤቱ አባላት 15 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል፤ ለታሚል ናዱ ይህ ዋና ሚኒስትሩን ጨምሮ 35 ሰው ነው። ገደቡ የመጣው አብላጫ ለመሰብሰብ ሲባል ሹመት እየታደለ የሚኒስትሮች ቁጥር ስለተጋነነ ነው። ስድስት ግዛቶች ሁለተኛ ምክር ቤትም አላቸው፤ ታሚል ናዱ የራሷን በ1986 ዘግታለች።

የግዛቱ ሥልጣን ትንሽ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ጉዳዮችን በሦስት ዝርዝር ይከፍላቸዋል፦ የማዕከል፣ የግዛትና የጋራ። ፖሊስ፣ ጤና፣ እርሻ፣ መሬት፣ የአካባቢ አስተዳደርና የአልኮል መጠጥ የግዛቱ ናቸው። በጋራው ዝርዝር ላይ ሁለቱ ሕጎች ሲጋጩ የማዕከሉ ይረታል። ትምህርት የግዛቱ ብቻ ነበር፤ በ1976፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንዲራ ጋንዲ ባወጁት የአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ፣ ወደ ጋራው ዝርዝር ተዛወረ። የደቡብ ግዛቶች ይህንን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

ተራው ሕንዳዊ “መንግሥት” ሲል በዕለት ኑሮው የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ግዛት ነው፤ የራሽን ሱቁን፣ ጤና ጣቢያውን፣ የሕዝብ አውቶቡሱን፣ የመሬት ደብተሩን። ጥሩ ዋና ሚኒስትር ምን ሊሠራ እንደሚችል የትምህርት ቤት ምገባ ታሪክ ይነግረናል። ኬ. ካማራጅ በ1950ዎቹ ለድሃ ተማሪዎች ምሳ ማብላት ጀመሩ፤ ኤም. ጂ. ራማቻንድራን በ1982 በሰፊው ዘረጉት፤ ኤም. ኬ. ስታሊን በሴፕቴምበር 2022 ቁርስ ጨመሩበት። በመካከሉ፣ በ2001፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የበሰለ የትምህርት ቤት ምሳ በሁሉም ግዛቶች እንዲሰጥ አዘዘ። አንድ ግዛት በራሱ በጀትና በራሱ ኃላፊነት የሞከረው ነገር የአገር መብት ሆነ። ፌዴራሊዝም ለምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ከዚህ የበለጠ መልስ የለኝም።

ድክመቱም እዚያው አጠገቡ ነው። በ1967 በሃሪያና ጋያ ላል የተባሉ የምክር ቤት አባል በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ፓርቲ ለወጡ። ይህን ለመግታት በ1985 ፓርቲውን የከዳ አባል ወንበሩን እንዲያጣ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ ክህደቱ በጅምላ ሆነ። በ2022 የማሃራሽትራው ኤክናት ሺንዴ ደጋፊ አባላትን ይዘው መጀመሪያ ሱራት፣ ከዚያም በአገሪቱ ሌላ ጫፍ ጉዋሃቲ ሆቴል አስገቧቸው፤ በጁን መጨረሻም ዋና ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። መራጩ ሕዝብ የሰጠው ድምፅ ሆቴል ውስጥ ሲቀየር ማየት የሚያሳዝን ነገር ነው።

ኮሌክተሩና ሰኞ ጠዋት

ሚኒስትር ይወስናል፤ ውሳኔው “የመንግሥት ትእዛዝ” ሆኖ የሚወጣው ግን በመምሪያው ጸሐፊ ፊርማ ነው። ጸሐፊው ፖለቲከኛ አይደለም፤ የሕንድ አስተዳደር አገልግሎት ባልደረባ ነው። ከጸሐፊዎቹ ሁሉ በላይ የግዛቱ ዋና ጸሐፊ አለ። ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ በየወረዳው ኮሌክተሩ ይገኛል። ስሙ ከእንግሊዞች ዘመን ግብር ሰብሳቢነቱ የቀረለት ነው፤ ዛሬ መሬት፣ ግብር፣ የጎርፍና የአውሎ ነፋስ አደጋ፣ የምርጫ ዝግጅት፣ የጸጥታ ትእዛዝ ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል። በታሚል ናዱ ሰኞ የአቤቱታ ቀን ነው። የመሬት ደብተር የተከለከለች መበለት፣ የጡረታ ገንዘብ የዘገየባቸው ሽማግሌ፣ ውሃ የተቋረጠበት መንደር ተወካይ ማመልከቻቸውን ይዘው በኮሌክተሩ ቢሮ ይሰለፋሉ። ማመልከቻው ቁጥር ተሰጥቶት በኮሌክተሩ ሥር ወዳለው የመሬት ሹም፣ ወደ ተህሲልዳሩ፣ ከዚያም ወደ መንደሩ የአስተዳደር ሹም ይወርዳል። መልካም ኮሌክተር ያለበት ወረዳና የሌለበት ወረዳ፣ በአንድ ሕግና በአንድ በጀት እየተዳደሩ፣ ሰማይና ምድር ናቸው።

እዚህ ላይ የአወቃቀሩ ልዩ ጠባይ ይታያል። ኮሌክተሩንም ሆነ ዋና ጸሐፊውን በብሔራዊ ፈተና መልምሎ የሚሾመው፣ በሂማላያ ግርጌ በሙሶሪ የሚያሠለጥነውም ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ግዛት ይመደባል፤ የሥራ ዘመኑንም በአብዛኛው እዚያው ያሳልፋል። ግዛቱ ሊመድበው፣ ሊያዛውረው ይችላል፤ ከአገልግሎት ሊያሰናብተው ግን አይችልም። የወቅቱ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳርዳር ፓቴል በ1949 ይህን አደረጃጀት ለጉባኤው ሲከራከሩለት፣ ያለ ፍርሃት ሐሳቡን የሚናገር ሹም ከሌለ አንድ አገር አይኖራችሁም የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። በተግባር ግን ዋና ሚኒስትሮች ማባረር ባይችሉም ማዘዋወርን እንደ ቅጣት ተማሩት። የሃሪያናው አሾክ ኬምካ በ2025 ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከ50 ጊዜ በላይ ተዛውረዋል። አንድ ሹም አንድን መምሪያ ለመረዳት ስንት ወር እንደሚፈልግ የሚያውቅ ሰው፣ በዚህ ስንት ሥራ እንደባከነ ይገባዋል።

ከኮሌክተሩ በታች የተመረጡ የመንደርና የከተማ ምክር ቤቶች አሉ፤ በ1992 በጸደቁ ሁለት ማሻሻያዎች ሕገ መንግሥታዊ ዋስትና አግኝተዋል፤ ከመቀመጫዎቻቸውም ቢያንስ ሲሶው ለሴቶች ነው። ምን ያህል ሥልጣንና ገንዘብ እንደሚሰጣቸው የሚወስነው ግን ግዛቱ ነው። ኬራላ በ1996 ከልማት በጀቷ ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች አወረደች። ኬራላ ግን ብርቅ ናት። ከዴልሂ ሥልጣን አጥብቀው የሚጠይቁት ግዛቶች ለራሳቸው ከተሞች ሲሰስቱ ማየት ያበሳጫል። የቼናይ ከተማ ከ2016 መጨረሻ እስከ 2022 መጀመሪያ ያለ ተመራጭ ምክር ቤት በሹማምንት ተዳደረች። በቤንጋሉሩ ከሴፕቴምበር 2020፣ በሙምባይም ከማርች 2022 በኋላ እንዲሁ ዓመታት አለፉ። ሕገ መንግሥቱ የአንድ ከተማ ምክር ቤት ዘመን ሳያበቃ ምርጫ ይደረግ ይላል። ይህን የሚጥስ የግዛት መንግሥት ስለ ተገፈፈ መብቱ ሲናገር ድምፁ ይሰልላል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

የገቢ ግብርና የኩባንያ ግብር የሚሰበስበው ማዕከሉ ነው፤ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል የሚያስተዳድረው ደግሞ ግዛቱ። ክፍተቱን ለመሙላት በየአምስት ዓመቱ የሚቋቋም የፋይናንስ ኮሚሽን አለ። 15ኛው ኮሚሽን ከሚከፋፈለው ግብር 41 በመቶው ለግዛቶች እንዲደርስ ሐሳብ አቀረበ። “ከሚከፋፈለው” የሚለው ቃል ላይ ማተኮር ያስፈልጋል፤ ማዕከሉ በተጨማሪነት የሚጥላቸው ልዩ ቀረጦች ለክፍፍል አይቀርቡም፤ ሙሉ በሙሉ የእርሱ ናቸው።

በ2017 የሸቀጦችና አገልግሎቶች ግብር ሲጀመር ግዛቶች የሽያጭ ግብራቸውን ለጋራ ምክር ቤት አስረከቡ። በዚያ ምክር ቤት የማዕከሉ ድምፅ አንድ ሦስተኛ፣ የግዛቶች ሁሉ አንድ ላይ ሁለት ሦስተኛ ይመዝናል፤ ውሳኔ የሚያልፈው በሦስት አራተኛ ነው። ሒሳቡን ያዩት እንደሆነ ግዛቶቹ በሙሉ በአንድ ቃል ቢቆሙ እንኳ ያለ ማዕከሉ ፈቃድ አንዳች ማሳለፍ አይችሉም። በእጃቸው የቀሩት ዋና ዋና ምንጮች ነዳጅና አልኮል ናቸው። በታሚል ናዱ የመጠጥ ችርቻሮ ከ2003 ጀምሮ የመንግሥት ሞኖፖል የሆነውና የትኛውም ፓርቲ ቃል እየገባ ሊዘጋው ያልቻለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው፤ የቁርሱና የአውቶቡሱ ወጪ በከፊል የሚሸፈነው ቤተሰቦችን ከሚያፈርስ የመጠጥ ንግድ ነው።

ገንዘብ የማስገደጃ መሣሪያም ይሆናል። ማዕከሉ ለ2024-25 የትምህርት ዘመን ለታሚል ናዱ ሊሰጥ የነበረውን ከ21 ቢሊዮን ሩፒ በላይ የትምህርት ድጎማ ያዘ፤ ምክንያቱም ግዛቱ የብሔራዊውን የትምህርት ፖሊሲ ለመቀበል የሚያስገድደውን ስምምነት አልፈርምም ማለቱ ነበር። ክርክሩ የሰሜኑ ቋንቋ ሂንዲ በሦስተኛ ቋንቋነት ይገባል በሚል ሥጋት የተሞላ ነው። በፖሊሲው ላይ መለያየት ይቻላል። የድሃ ልጆችን የመምህር ደመወዝ ለፊርማ መያዣ ማድረግ ግን ተገቢ አይደለም።

በ15ኛው ኮሚሽን ድልድል ከክፍፍሉ በታሚል ናዱ እጅ የሚገባው 4.08 በመቶ፣ በሰሜኗ ግዛት በኡታር ፕራዴሽ 17.94 በመቶ ነበር። ኡታር ፕራዴሽ እጅግ ብዙ ሕዝብ ያላትና ድሃ ስለሆነች ሀብታሙ ለድሃው ማካፈሉ ተገቢ ነው፤ የደቡብ ፖለቲከኞችም በግልጽ ይህን አይክዱም። የሚያስፈራቸው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የማዕከላዊ ፓርላማው መቀመጫ ለግዛቶች የተደለደለው በ1971ዱ ቆጠራ መሠረት ነው። ድልድሉ በ1976 የታገደው የወሊድ ምጣኔን ያስፋፋ ግዛት መቀመጫ በማጣት እንዳይቀጣ ተብሎ ነው። እገዳው በ2001 ማሻሻያ እስከ 2026 ተራዝሞ፣ ከዚያ በኋላ የሚደረገውን የመጀመሪያ ቆጠራ እንዲጠብቅ ተደረገ፤ ቆጠራው ደግሞ ለ2027 ተቀጥሯል። ታሚል ናዱ 39፣ ኡታር ፕራዴሽ 80 መቀመጫ አላቸው፤ በዛሬው የሕዝብ ብዛት ቢከፋፈል ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። በማርች 2025 ስታሊን የሌሎች ግዛቶች መሪዎችን ቼናይ ጠርተው እገዳው ለተጨማሪ 25 ዓመት እንዲቀጥል የጠየቁት ለዚህ ነው።

አገረ ገዢው

የሕገ መንግሥት ጉባኤው መጀመሪያ ያሰበው አገረ ገዢ በሕዝብ የሚመረጥ ነበር። በ1949 ሐሳቡን ለወጠ። ሁለት የተመረጡ ሰዎች፣ ዋና ሚኒስትሩና አገረ ገዢው፣ በአንድ ግዛት ከተቀመጡ መጋጨታቸው አይቀርም ተባለ። ስለዚህ አገረ ገዢው በፕሬዚዳንቱ ይሾማል፤ ፕሬዚዳንቱ የሚሠራው በማዕከላዊው ካቢኔ ምክር ስለሆነ ሹመቱ በተግባር የጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ዘመኑ አምስት ዓመት ይባላል፤ ግን በማንኛውም ቀን ሊነሣ ይችላል። የታሰበለት ሥራ የክብር ነው፦ በካቢኔው ምክር መፈረም፣ ምክር ቤቱን መክፈት፣ ካቢኔው የጻፈለትን ንግግር ማንበብ።

ግጭቱ ግን አልቀረም። ጃንዋሪ 9 ቀን 2023 ራቪ ለታሚል ናዱ ምክር ቤት ካቢኔው ያዘጋጀውን ንግግር ሲያነቡ የአምቤድካርንና የደቡቡን መሪዎች የካማራጅን፣ የአናዱራይን ስም የያዘውን ክፍል ዘለሉት። ስታሊን የጽሑፉ ሙሉ ቃል ብቻ በመዝገብ ይግባ ሲሉ አገረ ገዢው አዳራሹን ጥለው ወጡ። በዚያው ዓመት በጁን መጨረሻ በሙስና ክስ የታሰሩትን ሚኒስትር ሴንቲል ባላጂን፣ ዋና ሚኒስትሩ ሳይጠይቋቸው፣ አባረርኩ ብለው አስታወቁ፤ በሰዓታት ውስጥ ደግሞ ውሳኔውን አቆዩት። እስር ቤት ያለ ሰውን በሚኒስትርነት ማቆየት ለስታሊን መንግሥት አሳፋሪ ነበር። ማንን ማሰናበት እንዳለበት የሚወስነው ግን በሕዝብ የተመረጠው ነው።

ቀድሞ የአገረ ገዢው ትልቁ መሣሪያ አንቀጽ 356 ነበር። የግዛቱ አስተዳደር በሕገ መንግሥቱ መሠረት ሊቀጥል አልቻለም ብሎ ሪፖርት ካደረገ ማዕከሉ መንግሥቱን አፍርሶ “የፕሬዚዳንት አገዛዝ” ያውጃል። በ1957 በኬራላ በምርጫ ሥልጣን የያዘው የኢ. ኤም. ኤስ. ናምቡዲሪፓድ ኮሚኒስት መንግሥት በጁላይ 1959 በዚህ መንገድ ወደቀ። አንቀጹ እስከ ዛሬ ከመቶ ጊዜ በላይ ሥራ ላይ ውሏል፤ የኔህሩ ፓርቲ ኮንግሬስም ሌሎቹ ፓርቲዎችም ተጠቅመውበታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 በቦማይ መዝገብ በዘጠኝ ዳኞች በሰጠው ፍርድ፣ አንድ መንግሥት ድጋፍ ያለው መሆኑ የሚረጋገጠው በአገረ ገዢው ግምት ሳይሆን በምክር ቤቱ ድምፅ እንደሆነ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ ጥቅሙ በእጅጉ ቀነሰ። በ2018 የካርናታካ አገረ ገዢ አብላጫ ላልነበራቸው አዲሱ ዋና ሚኒስትር ዬዲዩራፓ ድጋፋቸውን በምክር ቤቱ እንዲያሳዩ 15 ቀን ሲሰጧቸው፣ ፍርድ ቤቱ ድምፁ በማግሥቱ ይሰጥ ብሎ አዘዘ፤ ዬዲዩራፓም ድምፅ ሳይሰጥ ለቀቁ።

በሩ ሲዘጋ ሌላ ቀዳዳ ተገኘ። መንግሥትን ማፍረስ ከከበደ ሕጉን አለመፈረም ይቻላል። አንቀጽ 200 ለፊርማ ቀን አይቆርጥም፤ “በተቻለ ፍጥነት” ብቻ ይላል። ከታሚል ናዱ ሌላ ኬራላ፣ ፑንጃብ፣ ቴላንጋና እና ምዕራብ ቤንጋል ተመሳሳይ አቤቱታ ይዘው ፍርድ ቤት ቀርበዋል፤ ሁሉም በዚያን ጊዜ ዴልሂን ከሚገዛው ፓርቲ ውጭ በሆኑ ፓርቲዎች ይመሩ ነበር። ይህ አጋጣሚ አይመስለኝም።

የታሚል ናዱ አሥር ሕጎች በአብዛኛው የሚመለከቱት የቫይስ ቻንስለሮችን፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲዎችን በዕለት ሥራ የሚመሩ ኃላፊዎችን፣ ሹመት ነው። አገረ ገዢው የዩኒቨርሲቲዎቹ የበላይ የሆነው በራሱ በግዛቱ ሕግ እንጂ በሕገ መንግሥቱ አይደለም፤ ግዛቱም የሰጠውን ሥልጣን መልሶ ሊወስድ ፈለገ። በዚህ መካከል በ1857 የተመሠረተው የማድራስ ዩኒቨርሲቲ ከኦገስት 2023 ጀምሮ ያለ ቫይስ ቻንስለር ቀረ።

ኤፕሪል 8 ቀን 2025 ዳኞች ጄ. ቢ. ፓርዲዋላና አር. ማሃዴቫን የአገረ ገዢው ድርጊት ሕገ ወጥ ነው ብለው አሥሩ ሕጎች እንደተፈረሙ እንዲቆጠሩ ወሰኑ። ለአገረ ገዢዎች ከአንድ እስከ ሦስት ወር፣ ለፕሬዚዳንቱም ሦስት ወር የጊዜ ገደብ አስቀመጡ። ከሦስት ቀን በኋላ ሕጎቹ የአገረ ገዢ ፊርማ ሳይኖርባቸው በጋዜጣ ታወጁ፤ በሜይ ወር የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሹመቱን ድንጋጌዎች በጊዜያዊነት አገዳቸው። በዚያው ወር ፕሬዚዳንት ድሮፓዲ ሙርሙ 14 ጥያቄዎች ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አቀረቡ። በዋና ዳኛ ቢ. አር. ጋቫይ የተመራው የአምስት ዳኞች ችሎት ኖቬምበር 20 ቀን 2025 መለሰ፦ ፍርድ ቤት የጊዜ ገደብ ሊጥል፣ ያልተፈረመንም ሕግ እንደተፈረመ ሊቆጥር አይችልም። አገረ ገዢውም ሕጉን ለምክር ቤቱ ሳይመልስ እንዲሁ ሊቀብረው አይችልም፤ ያለ ምክንያት ከልክ በላይ ካዘገየው ፍርድ ቤት “ወስን” ብሎ ሊያዝዘው ይችላል፤ ምን እንደሚወስን ግን አይነግረውም።

የችሎቱ ሕጋዊ አመክንዮ ቀላል አይደለም፤ ሕገ መንግሥቱ ያልጻፈውን ቀን ዳኞች ይጻፉ ማለት ራሱ ችግር አለው። ውጤቱ ግን ለተመረጡት ምክር ቤቶች ከባድ ነው። ከእንግዲህ አንድ ግዛት ሕጉ ሲታገትበት መጀመሪያ መዘግየቱ “ከልክ ያለፈ” እስኪሆን ይጠብቃል፤ ከዚያ ዴልሂ ድረስ ሄዶ ይከስሳል፤ ቢረታ የሚያገኘው አገረ ገዢው እንዲወስን የሚያዝዝ ወረቀት ነው፤ አገረ ገዢውም ሕጉን ለፕሬዚዳንቱ ሊልከው ይችላል። አምስት ዓመት ለሚቆይ መንግሥት ይህ የሥልጣን ዘመኑን ግማሽ ሊበላው ይችላል።

መፍትሔው አዲስ አይደለም። በ1980ዎቹ የማዕከሉንና የግዛቶችን ግንኙነት ያጠናው የሳርካሪያ ኮሚሽን አገረ ገዢ ሲሾም የግዛቱ ዋና ሚኒስትር ይማከር ብሏል። በ2010 ሪፖርቱን ያቀረበው የፑንቺ ኮሚሽን ለፊርማው የስድስት ወር ገደብ እንዲኖር ሐሳብ አቅርቧል። አንቀጽ 200ን ለማሻሻል የግዛቶች ማጽደቂያ እንኳ አያስፈልግም፤ በሁለቱ የፓርላማ ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይበቃል። ዴልሂን በየተራ የገዛ ፓርቲ ሁሉ ግን ተቃዋሚ እያለ የነቀፈውን መሣሪያ ሥልጣን ሲይዝ አስቀምጦታል።

ታሚል ናዱ በኤፕሪል 2025፣ ፍርዱ በተሰጠ በሳምንቱ፣ የማዕከሉንና የግዛቶችን ግንኙነት እንደገና የሚያጠና ኮሚቴ በቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ በኩሪያን ጆሴፍ መሪነት አቋቋመች። ተመሳሳይ ኮሚቴ በዚያች ግዛት ለመጀመሪያ ጊዜ በ1969 ያቋቋሙት የስታሊን አባት ኤም. ካሩናኒዲ ሲሆኑ፣ የዚያ ኮሚቴ ሰብሳቢ ራጃማናር በ1971 ባቀረቡት ሪፖርት የጠየቁት አንደኛው ነገር አገረ ገዢ ከግዛቱ ካቢኔ ጋር ሳይመከር እንዳይሾም ነበር።